መኖው ተወደደ፣ እንቁላሉ ደግሞ በጾም ተከመረ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሽምብጥ_እናት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ግቢዬ ውስጥ አሥር ቦቫንስ የሚባሉ የፈረንጅ ጣይ ዶሮዎች፣ ሁለት የሀበሻ ዶሮና አንድ አውራ አሉኝ። ቦቫንሶቹ ጎበዞች ናቸው፤ በቀን ስምንትም ዘጠኝም እንቁላል አነሣ ነበር። አሁን ግን በሁለት ነገር ተቸግሬያለሁ።

አንደኛው መኖው ነው። የተዘጋጀው የጣይ ዶሮ መኖ በየጊዜው ዋጋው ይጨምራል። ከእንቁላል የማገኘው ብር ዞሮ ዞሮ መኖ ቤት ነው የሚገባው። ስለዚህ ከፋብሪካው መኖ ግማሹን ቀንሼ በቤት ትርፍራፊ እየተካሁ ነው። ደረቅ እንጀራ፣ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ ከወጥ የተረፈ ፍርፋሪ፣ የተገኘውን ሁሉ። እየተሻሙ ይበላሉ። እንቁላሉ ግን እየቀነሰ መጣ፣ ቅርፊቱም ሳሳ። ዛሬ ጠዋት ያነሣሁት አንዱ ቅርፊት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ስስ ቆዳ ብቻ ነው፣ ጣቴ ሲያርፍበት ስርጉድ አለ።

ሁለተኛው እንቁላሉ ራሱ ነው። ሁዳዴ ገብቷል፣ ዶሮ ደግሞ ጾም አታውቅም። እኛ ቤት ከትንንሾቹ ልጆች በቀር የሚበላ የለም። የማስረክብለት ባለሱቅም እስከ ፋሲካ ብዙ እንደማይፈልግ ነግሮኛል። ስለዚህ ለጎረቤት ማካፈል አስቤያለሁ። አጠገባችን አራስ አለች፣ ልጆች የበዙበት ቤት አለ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናትም አሉ። ችግሩ ይሉኝታው ነው። አንዳንዱ ሲሰጡት ይሳቀቃል፣ ሌላው ካልከፈልኩ ብሎ ይሟገታል፣ ከዚያ በኋላ በር ላይ ስታገኚው እንኳ ይሸሽሻል። ማንም ሳያፍር እንዴት ላካፍል? እንቁላሉስ በዚህ ሙቀት ስንት ቀን ይቆያል? ደግሞ እምቦጭ ለዶሮ መኖ ይሆናል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

የዘንዘልማ_ልጅ

እህቴ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ዘንዘልማ ግቢ እንስሳት ሳይንስ ነው የተማርኩት፤ አሁንም ሥራዬ ከዶሮ ጋር ነው። ከቅርፊቱ ልጀምር፤ የመኖሽ ችግር ያለው እዚያ ላይ ነው።

በአንድ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ገደማ ካልሲየም አለ። ዶሮዋ በየቀኑ ከጣለች ይህን በየቀኑ ከሆነ ቦታ ማምጣት አለባት። ከመኖዋ ካጣችው ከአጥንቷ ታወጣለች። አጥንቷም ሲደክም ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ከዚያ መጣሏን ትቀንሳለች። እንጀራና ድንች ጉልበት ይሰጣሉ፤ ይህን ያህል ካልሲየም ግን የላቸውም፣ ፕሮቲናቸውም አነስተኛ ነው። ጥሩ የጣይ መኖ ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲንና 3.5 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ካልሲየም ሊኖረው ይገባል። ግማሹን አውጥተሽ እንጀራ ስታስገቢ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ። ዶሮዋ ጠግባ እየተራበች ነው ማለት ነው።

ትርፍራፊ አትስጪ ማለቴ አይደለም። ስጪ፤ ግን ከቀን ምግባቸው ከሩብ ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ እሱንም ከሰዓት በኋላ፣ ዋናውን መኖ ከበሉ በኋላ። ወጥ የነካው ፍርፋሪ ጨው ይበዛበታል፤ ጨው ዶሮን ይጎዳል። የግድ ከሆነ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ጨምቀሽ ስጫቸው። አረንጓዴ የሆነ የድንች ልጣጭ ይቅር። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬም እንዳይጣልላቸው፤ ለወፍ ዘር መርዝ ነው፣ እኛ ከተማ ደግሞ አቮካዶ በየቤቱ አለ። የቡና አተላም እንደዚሁ።

አሁን ወደ ዋጋው። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ደረቅ መኖ ትበላለች። አሥሩ በቀን 1.2 ኪሎ ገደማ ነው፤ አንድ ኩንታል ሦስት ወር ለማይሞላ ጊዜ ይይዛቸዋል። ይህ መጠን እቤት አመዛዝኖ ለመሥራት የሚያስፈራ አይደለም። እኔ ለትንሽ ግቢ የምመክረው ድብልቅ ለ10 ኪሎ እንዲህ ነው፦ የተከካ በቆሎ 4.8 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) 2.2 ኪሎ፣ የስንዴ ፉርሽካ 1.6 ኪሎ፣ የደረቀ የአሣ ዱቄት 600 ግራም፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 800 ግራም። ጨው ከአራት አምስት የሻይ ማንኪያ አይበልጥ፤ አሣው ጨው የነካው ከሆነ ጭራሽ አታድርጊበት። ይህ 16 ከመቶ አካባቢ ፕሮቲን ይሰጥሻል። ቫይታሚኑን ለመሙላት በየቀኑ ቅጠል ያስፈልጋል፤ ጎመን፣ አልፋልፋ፣ ሰስባንያ፣ ካለሽ የሽፈራው ቅጠል። አንድ ላይ አስረሽ ከጭንቅላታቸው ከፍ አድርገሽ ስቀይላቸው፤ መሬት ላይ ሲጣል ረጋግጠው ነው የሚጨርሱት።

የአሣው ዱቄት ለምን አስፈለገ ካልሽ፣ የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ቢኖረውም ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። አሣ ያንን ይሞላል። እኛ ጣና ዳር ተቀምጠን ይህን አለመጠቀም ያስቆጫል።

ሁለት ነገር አደራ። ኖራ ስልሽ የተፈጨ ጥሬ ኖራ ድንጋይ ነው እንጂ ግድግዳ የሚቀባው ኖራ አይደለም፤ እሱ ተቃጥሎ የተሠራ ስለሆነ አንጀታቸውን ያቃጥላል። ካጣሽ የእንቁላል ቅርፊት ሰብስበሽ፣ ምጣድ ላይ አድርቀሽ፣ አድቅቀሽ በሌላ ዕቃ አስቀምጪላቸው፤ የፈለገችው እየሄደች ትበላለች። ሌላው ሻጋታ ነው። ፋጉሎም በቆሎም ሲሻግት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይፈጥራል፤ ጉበታቸውን ይጎዳል። "ለዶሮ ምን አለበት" ተብሎ የሻገተ በቆሎ በርካሽ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። አትግዢ። ርካሽ አይደለም።

ለውጡን በአንድ ቀን አታድርጊው። በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀላቅይ።

ጣና_ዳር

ስለ አሣው እኔ ልጨምር፤ ሐይቁ ዳር ነው የምውለው።

አሣ የሚበለትበት ቦታ ሄደሽ የምትጠይቂው ራሱን፣ አጥንቱንና ሆድቃውን ነው። የቀረሶም የአምባዛም ይሆናል። ሥጋው ወደ ሆቴል ይሄዳል፣ ይኼኛው አብዛኛው ለወፎቹ ነው የሚወረወረው። በጠዋት ከደረስሽ በጥቂት ብር፣ ከተግባባሽ ደግሞ በነፃ ይሰጡሻል። ባልዲ በክዳን ያዢ፣ እንደደረስሽ ቀቅይ። ማሳደር የለም። ሥጋው ከአጥንቱ እስኪላቀቅ በደንብ ይብሰል፤ ጥሬ አሣ መስጠት በሽታም ጥገኛ ትልም ያመጣል። ከዚያ ውኃውን አጥልይ። ያ ውኃ እንዳይደፋ፤ ሲበርድ ፉርሽካ አርሰሽበት በዚያው ቀን ስጫቸው።

የተቀቀለውን ንጹሕ ሸራ ወይም ቆርቆሮ ላይ ስስ አድርገሽ አስጪው። ላዩን በወንፊት ሽቦ ወይም በአጎበር ሸፍኚ፣ አለበለዚያ ዝንብና ድመት አያስተርፉልሽም። የመጋቢት ፀሐይ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ድርቀቱን የምታውቂው በእጅሽ ነው፦ የጎን አጥንቱን ስታጥፊው ከተለመጠ ገና ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረና እጅሽ ላይ ቅባት ካላስቀረ ደርቋል። ያኔ በሙቀጫ ወቅጠሽ፣ ነፍተሽ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ። ከላይ ወንድማችን ከጻፈው መጠን አትለፊ። አሣ ሲበዛ እንቁላሉ አሣ አሣ ይሸታል፤ በጾም ለጎረቤት ያካፈልሽው እንቁላል ከሸተተ ደግሞ ሁለተኛ የሚቀበልሽ አይኖርም።

እምቦጭን እርሺው። እንዲያውም ሰው ሁሉ ይስማ ብዬ ነው የምጽፈው። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያደረሰብንን ሁላችንም እናውቃለን። ቅጠሉ ከመቶ 90 በላይ ውኃ ነው፤ ዶሮ ሆዷን ሞልታ ምንም አታገኝበትም። ከውኃው ውስጥ ያለውን ከባድ ብረታ ብረትም ወደ ሰውነቱ ይሰበስባል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ማጓጓዙ ነው። የተቆረጠች ትንሽ ቁራጭ ቦይ ውስጥ ብትወድቅ ተመልሳ ታቆጠቁጣለች። ሰው በየዓመቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ እየነቀለ የሚያወጣውን አረም እኛ በኬሻ ወደ ግቢያችን ልናስገባ አይገባም።

ሩዝም አትርሺ። ፎገራ ቅርባችን ነው። ወረታ ከሩዝ መፈተጊያዎቹ የሚወጣው ደቃቁ ዱቄት ከፉርሽካው ከፊሉን ይተካልሻል። ቅባት ስላለው ግን ቶሎ ይኮመጥጣል፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚሆን አትግዢ። ሻካራው ገለፈት መኖ አይደለም፤ እሱን ለጉዝጓዝ አድርጊው።

እማማ_ግሽአባይ

ልጄ፣ ልጆቹ ስለ መኖው በደንብ ነግረውሻል። እኔ ስለ እንቁላሉና ስለ ጎረቤቶችሽ ልበል።

እንቁላል አይታጠብም። ላዩ ላይ የተፈጠረበት ስስ ሽፋን አለው፤ ስታጥቢው ያ ይለቅና ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። ኩስ ከነካው በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፣ እሱንም አስቀድመሽ ለቤትሽ ተጠቀሚበት። ሹል ጫፉን ወደ ታች፣ ድብልብሉን ወደ ላይ አድርገሽ በቀዝቃዛና ጨለማ ጓዳ አስቀምጪ። እንዲህ ሲሆን ሁለት ሦስት ሳምንት አይነካውም። ፍሪጅ ካለሽ ከወር በላይ ይቆያል። እናቶቻችን ጤፍ ውስጥ ቀብረው ነበር የሚያቆዩት፤ እኔም ዛሬ ድረስ እንዲያ ነው የማደርገው፣ እህሉ የቀኑን ሙቀት ይከላከልለታል። ስትጠራጠሪ ውኃ ውስጥ ክተቺው። ከተጋደመ ትኩስ ነው፣ ቀና ካለ ቆይቷል፣ ከተንሳፈፈ ጣይው።

አውራውን ግን ከቦቫንሶቹ ለዪው። አውራ የደረሰበት እንቁላል በዚህ በባሕር ዳር ሙቀት ጫጩት ማብቀል ይጀምርና ቶሎ ይበላሻል። አውራ ሳይኖር የተጣለው ይቆያል። ከለየሽው በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል የአውራው ዘር አብሯቸው ይቆያል፤ የምታቆይውን ከዚያ ወዲህ የተጣለውን አድርጊ።

አውራውን ከሀበሾቹ ጋር ተይው። አንዷ መታቀፍ ፈልጋ ጎጆ አልለቅ ስትል ከራሳቸው እንቁላል ሳምንት ያልሞላውን አስታቅፊያት። በ21 ቀን ይፈለፈላሉ። አሁን በጾሙ የተፈለፈለ ወንድ ጫጩት ለእንቁጣጣሽ ገበያ ይደርሳል። በሁዳዴ ገዢ ያጣው እንቁላል በመስከረም ዶሮ ሆኖ ይሸጥልሻል ማለት ነው።

አሁን ወደ ይሉኝታው። ሰው የሚያፍረው ዝም ብሎ ሲቀበል ነው። አንቺ አስቀድመሽ ለምኚያቸው። "እማማ፣ የጎመን ልጣጭና ደረቅ እንጀራ አይጣልብኝ፣ ለዶሮዎቼ አቆዩልኝ" በያቸው። ዕቃ ስጫቸው፤ ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ። ማታ ልጅሽን ልከሽ ስትወስጂ ባልዲው ባዶውን አይመለስም፤ እንቁላል ይገባበታል። ያኔ ማን ለማን እንደሰጠ ማን ያውቃል? እሳቸውም አንገታቸውን አይደፉም፣ አንቺም መኖ አገኘሽ።

ደግሞ እሳቸው ጾመኛ ከሆኑ አሁን እንቁላል ይዘሽ አትሂጂ። ጾሙ የሚጥለው ፍርፋሪ ብዙ ነው፤ የጎመን፣ የካሮት፣ የቀይ ሥር፣ የሰላጣ ቅጠል። እነሱ በሁዳዴ ባልዲውን ይሙሉ፤ አንቺ በሰሙነ ሕማማት የሚጣለውን አጠራቅመሽ ቅዳሜ ሹር ለእያንዳንዱ ቤት አድርሺ። በፋሲካ ዋዜማ አሥራ ሁለት እንቁላል የገባለት ቤት ዶሮ ወጡ ሞላለት ማለት ነው። እንቁላል በሚወደድበት ሰሞን የደረሰ ስጦታ ደግሞ አይረሳም።

ለአራሷ ግን እንዲህ አትቁጠሪ። ለአራስ ዝም ብሎ ይሰጣል። ሄደሽ ገንፎውን እያገላበጥሽ፣ እንቁላሉን ራስሽ ቀቅለሽ አብያት።

ግብጦ ለዶሮ ስጫት የሚልሽ ካለ ጥሬውን አትስጪ። መራራው መርዝ አለው። እኛ ጎጃሞች ቆልተን ቀናት ሙሉ ወራጅ ውኃ ውስጥ የምንነክረው ለዚያ ነው። ምሬቱ ጨርሶ ከወጣለት ተወቅጦ ጥቂት ቢገባ ግድ የለም። ጓያ ግን ጭራሽ አታስገቢ።

የፋሲሎ_ባለሱቅ

እህቴ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሱቅ ነው ያለኝ። በሁዳዴ እንቁላል አይሸጥም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። እኛ ሰፈር ያሉ ቤቶች ሁዳዴ ቢገባም ባይገባም እንቁላል ይገዛሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ረመዳን ከሁዳዴ ጋር እየገጠመ ነው፤ ያኔ ለአፍጥር የሚፈለገው ይበዛል። አንቺ ጋ ሙስሊም ጎረቤት ከሌለሽ ትንሽ ራቅ በይና ጠይቂ። በየሳምንቱ ቁጥሩ የታወቀ እንቁላል የሚወስዱ አራት አምስት ቤቶች ብታገኚ የጾሙን ወራት ትሻገሪያለሽ። ተማሪዎችም አሉ፣ ተከራይተው ራሳቸው የሚያበስሉ። እነሱ በትሪ አይገዙም፣ ሦስት አራት ነው የሚፈልጉት፤ ግን ይመላለሳሉ።

መኖውን ብቻሽን አትግዢ። ፋጉሎ ከመኖ ቤት በኪሎ ስትገዢና ከዘይት መጭመቂያው በኩንታል ስትገዢ ዋጋው አንድ አይደለም። ፉርሽካም ከዱቄት ፋብሪካው በር ላይ እንደዚሁ። አንድ ሰው አሥር ዶሮ ይዞ ኩንታል ፋጉሎ ምን ያደርግለታል? ይሻግትበታል። አራት ቤት ተሰባስቦ ቢገዛ ግን ሳይቆይ ያልቃል፣ የባጃጁንም ኪራይ ትካፈላላችሁ። ልክ እንደ እቁብ ተራ ግቡ፤ በዚህ ወር አንዷ ሄዳ ትገዛለች፣ በሚቀጥለው ሌላዋ።

በቆሎ ደግሞ ጊዜ አለው። የሜጫና የመራዊ በቆሎ አዝመራው እንደተሰበሰበ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይረክሳል። ክረምቱ እየገባ ሲሄድ ይወደዳል። ለሚቀጥለው ዓመት ከአሁኑ አስቡበት። ስትገዙ ድርቀቱን ፈትኑ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፦ ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሬ ደህና አድርጌ አንቀጠቅጠዋለሁ። ትንሽ ቆይቼ ሳየው ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው እርጥብ ነው፣ ለማስቀመጥ አይሆንም። ካልተለጠፈ እገዛለሁ።

ሽምብጥ_እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የባልዲውን ነገር ለባለቤቴ ሳነብለት በጣም ወደደው። እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ አራሷ ጋ ዛሬውኑ ነው የምሄደው።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ጎረቤቶቼ ጠላ ስለሚጠምቁ አተላ በብዛት ይሰጡኛል፣ ለዶሮ ይሆናል? ሁለተኛ፣ ከአሥሩ ሁለቱ ለብዙ ጊዜ የጣሉ አይመስለኝም፤ እንዴት ለይቼ ልወቅ?

የዘንዘልማ_ልጅ

አተላ ይሆናል፤ ፕሮቲንም አለው። ግን አልኮሉና እርጥበቱ ስላለ እንዳለ አይሰጥም። ጨምቀሽ ፀሐይ ላይ አድርቂው፣ ከፉርሽካው ቦታ ከፊሉን ተክቶ ይግባ። የሻገተውንና የአረቄውን አተላ ተይ።

የማይጥሉትን ለመለየት ማታ፣ ቆጥ ላይ ሲሆኑ ያዣቸው። ከጅራቷ ሥር፣ እንቁላል በሚወጣበት በግራና በቀኝ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ይዳሰሳሉ። በመካከላቸው ሁለት ሦስት ጣት ከገባ እየጣለች ነው። አንድ ጣት ብቻ ከሆነና ጭንቅላቷ ላይ ያለው ቀይ ኩክኒዋም ገርጥቶ ከተኮማተረ አትጥልም። ላባ እየቀየረች ከሆነ ታገሻት፣ ትመለሳለች። ካልሆነ ግን በቀን 120 ግራም በነፃ እየበላች ነው። ለፋሲካ ራስሽ እረጃት፣ ወይም ሽጫት። ስለ ርካሽ መኖ ስናወራ ሰው ሁሉ የሚፈልገው አዲስ ነገር ነው፤ ብዙ መኖ የሚባክነው ግን በማትጥል ዶሮና እስከ አፉ በተሞላ መመገቢያ ነው። መመገቢያውን ከግማሽ በታች ሙዪው፣ ከፍታውም ከጀርባቸው ጋር እኩል ይሁን፤ ያኔ እየጫሩ አይበትኑትም።

እንቁላል ስለምታካፍዪ አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ዶሮዎቹ ታመው አንቲባዮቲክ ከሰጠሻቸው፣ መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን እስኪያልፍ እንቁላሉን ለማንም አትስጪ። ለልጆችሽም ለአራሷም። ውኃ ውስጥ ቴትራሳይክሊን በጥብጦ በዚያው ቀን እንቁላል የሚሸጥ አይቻለሁ፤ ይህ ሰው ላይ የሚሠራ በደል ነው።

ፈንግልም አለ። ዶሮዎችሽ ካልተከተቡ ከፋሲካ በፊት አስከትቢ። በበዓል ሰሞን ከየገበያው የሚመጣው ዶሮ በየግቢው ይገባል፣ በሽታውም አብሮት። ከባልዲው ነገር ጋር የሚያያዘውም ይህ ነው፦ ለጎረቤቶችሽ የዶሮ ላባ፣ አንጀትና ያረዱበት እጣቢ ባልዲው ውስጥ እንዳይገባ ከመጀመሪያው ንገሪያቸው። የገበያ ዶሮ ተርፎ ለዶሮዎችሽ ከተጣለ አሥሩንም በአንድ ሳምንት ልታጪ ትችያለሽ። ክትባቱ በዓይን ጠብታ ይሰጣል፣ ክትባቱ ደግሞ ቀዝቃዛ ሆኖ መቆየት አለበት። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ የሰፈራችሁን ዶሮ ሁሉ በአንድ ቀን ብታስከትቡ ይረክሳል።

ሽምብጥ_እናት

ገባኝ። እንግዲህ ቅዳሜ ዘይት መጭመቂያው ጋ ሄጄ አንድ ኩንታል ፋጉሎ ልገዛ ነው። ለራሴ 25 ኪሎ ይበቃኛል። ሽምብጥና አካባቢው ያላችሁ የምትካፈሉ ካላችሁ እስከ ዓርብ ማታ ጻፉልኝ። የክትባቱንም ቀን አብረን እንቁረጥ።

ጣና_ዳር

እኔ 25 ኪሎ ያዢልኝ። የአሣ ዱቄት ሦስት ኪሎ ያህል ደርቆ ተቀምጧል፣ ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ከፋጉሎው ሂሳብ እንተሳሰባለን።

እማማ_ግሽአባይ

ለእኔም 10 ኪሎ። ኬሻ አለኝ፣ ልጅ እልካለሁ። ለክትባቱም ስምንት ዶሮ አስቢልኝ።